ወንዝ ማዶ የተቆጠርን ሰዎች

ኅዳር 4

እትዬ፣

ሰላምታዬ ላንቺም ለጉልበትሽም ይድረስ፤ ሲታመም ከሰው በላይ ለምታስታምሚው የስፌት መኪናሽም ጭምር። እኔ ደህና ነኝ። ሥራው በዛ እንጂ ጤናዬ ሙሉ ነው። እንዳዘዝሽኝ ቁርሴን ሳልበላ ከቤት አልወጣም፤ ቢያንስ አብዛኛውን ቀን።

ስልክ ስለማላነሳ ተቀይመሻል። ልክ ነሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን አንቺም ራስሽን ታውቂያለሽ። «እንዴት ነህ?» ብለሽ ትጀምሪና በሦስተኛው ደቂቃ ሆዴ ውስጥ የቀረ ነገር አይኖርም። በደብዳቤ እንጻጻፍ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ ቢያንስ ሳልጽፍ በፊት አስባለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አልመልስልሽም።

አትቆጪ። የወሰን መሥሪያ ቤት የገባሁ ዕለት የፈረምኩት ወረቀት አለ። ረቂቁ ካርታ ለሕዝብ እስኪለጠፍ ድረስ የማንም አካባቢ ወዴት እንደሚሄድ ለሚስትም፣ ለእናትም፣ ለእህትም አይነገርም ይላል። ሚስት የለኝም፣ እናታችንም ዐርፋለች፤ እንግዲህ ወረቀቱ የተጻፈው ባንቺ ምክንያት ነው ማለት ነው።

አሠራሩን ግን ልንገርሽ፣ እሱ ምስጢር አይደለም። የምክር ቤቱ ወንበር ሁለት መቶ ነው፤ አይጨምርም አይቀንስም። ቆጠራ በተካሄደ ቁጥር የአገሩ ሰው ለሁለት መቶ ይካፈላል። ዘንድሮ ለአንድ ወንበር ስልሳ አንድ ሺህ ሰው ደርሷል። አንድ የምርጫ ክልል ከዚህ ቁጥር እስከ አሥር በመቶ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ማንም አይነካውም። ከዚያ በታች ከወረደ ግን ይፈርስና ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል፤ ወንበሩም ሰው ወደበዛበት ይሄዳል። አንቺ ከረዘመው ቀሚስ ጫፍ ቆርጠሽ ላጠረው እንደምትቀጥይው ማለት ነው።

የሙሽሪትን ወሬ ጻፊልኝ። አግብታ ወንዙን ከተሻገረች ወዲህ አጎቷን ረስታዋለች።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 15

አንተ ባለእርሳሱ፣

የደብዳቤህን ግማሽ በሰላምታ፣ ሩቡን በሒሳብ፣ የቀረውን በይቅርታ ሞላኸው። ወሬው የታለ?

እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩህ። ብርጭቆ የሰበርክ ዕለት ቤት ስትገባ ስለ ትምህርት ቤት ታወራልኝ ነበር፤ መምህሩ እንዲህ አለ፣ ደወሉ እንዲህ ተደወለ እያልክ። አሁንም ስለ ሁለት መቶ ወንበር ስታወራልኝ ብርጭቆው የት እንዳለ ገብቶኛል። ከቁጥሩ በታች ወርደናል፣ አይደል? ተወው፣ አትመልስ። ፈርመሃል።

ግን ምን እንደምንሰጋ ልጻፍልህ፣ ቢያንስ አንተ እወቀው። ድልድዩን ማን አሠራልን? የኛው ተመራጭ አይደለም እንዴ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምክር ቤት ውስጥ እየተነሳ «ድልድይ! ድልድይ!» እያለ ያሰለቻቸው? አሁን ደግሞ ጤና ጣቢያችን ሆስፒታል ይሁን የሚለውን ነገር ይዞላቸዋል። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት እናቶች ሪፈራል ሲሄዱ መኪና ውስጥ ወልደዋል። እግዜር ጠብቋቸው እንጂ! ወንበሩ ከሄደ ይህንን ነገር ማን ይጨርስልናል? ለየጎረቤቱ ተቆራርጠን የሰው ሁሉ የእንጀራ ልጅ ልንሆን ነው። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቅከኝ፣ አለ። ስለ ሙሽሪት ለጠየቅከኝ ደግሞ፣ ደስ ብሏታል፣ ወፍራለች፣ ባሏም ይሳሳላታል። አማቷ ያ ጀልባ ጠጋኝ ዛሬም ያው ነው። ከገባች ጀምሮ ሦስት ቃል ነው የተናገራት፤ ሁለቱ «ብዪ» ነው፣ ሦስተኛው «ጨምሪ»። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ዝም ማለት ሆኖበት ነው።

እኔ እሷ ናፍቃኛለች። በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ናፍቃኛለች። ማታ ማታ ሳላስበው ሁለት ሳህን አወጣለሁ። ለማንም እንዳትነግር።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ረቂቁ ተለጠፈ። አሁን አራት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ስለዚህ እጄ ተፈታ።

እንዳልሽው ነው። ከቁጥሩ በታች ወርደናል። ዝቅተኛው ሃምሳ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆኖ የኛ ሃምሳ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ስምንት ነው የመጣው። የጎደለን መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነው። መቶ አሥራ ሁለት! አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ አውቶቡስ ይሞላል እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ረቂቁ ለአራት ከፍሎናል።

የባሰውን ከሌላ ከምትሰሚ ከኔ ስሚው። አንደኛው መስመር የሚያልፈው በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል ነው። ያንቺ ሱቅ ወደ ምሥራቅ ሄዷል። ፊት ለፊትሽ ያለው ፀጉር አስተካካይ ወደ ምዕራብ።

መስመሩን የሳልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ከኔ ስሚው። ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው በተራ ነው፣ ቁጥሩ ያለውን አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ላጲስ አነሳሁ።

ነገሩ ግን ገና አልተጠናቀቀም። ረቂቅ ማለት ረቂቅ ነው። እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ማንም ሰው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል፤ ኮሚሽኑም እዚያው ከተማችሁ መጥቶ ይሰማችኋል። የአሠራር መመሪያውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለማንም ይሰጣል፣ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ አድልዎ አይባልም። ፊደሉ ደቃቅ ነውና መነጽርሽን አድርጊ።

መቶ አሥራ ሁለቱ ሰው የት እንደሄደ ብትጠይቂኝ… ስለሱ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

ባለእርሳሱ፣

ከተማው አብዷል። ካርታው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ሥራ የሠራ ሰው የለም። ሁሉም ጣቱን ካርታው ላይ እያሳለፈ ቤቱን ይፈልጋል፤ አሁንማ ዋናው መንገድ ያለበት ቦታ በጣት ብዛት ተበስቷል።

ፀጉር አስተካካዩ ቀልዱን አልተወም። ትናንት መቀስ ልዋሰው መንገዱን ስሻገር «ቆይ! ፓስፖርት!» ብሎ በሩ ላይ አቆመኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ሱቄ ተመልሼ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ስንተያይ የኖርን ሰዎች ነን እኮ።

መስመሩን አንተ መሳልህን ለማንም አልነገርኩም። አልቆጣህም። ተቆጥቼ ነበር፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ለቀቀኝ። ተራህ ሆኖ ከመጣ ምን ታደርግ።

አሁን ሰዉ የያዘው «ማን አሳነሰን?» የሚለውን ነው። መንደሮቹ ላይ እንኳን ሰው ጨምሯል፣ በየቤቱ ሕፃን አለ፤ እንዴት እናንሳለን? ጣቱ ሁሉ ያረፈው የኛን ሰፈር በቆጠረችው መምህርት ላይ ነው። አንደኛ ክፍልን የምታስተምረዋ፣ ቀጭኗ፣ አንተም ታውቃታለህ። በየቤቱ ሳትደርስ ቁጭ ብላ ሞልታው ነው እየተባለ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ቤቷ አንድም ቀን እንዳልተንኳኳ ትምላለች። ከሥራዋ ትባረር የሚል ማመልከቻ ተጽፎ ሦስት መቶ ሰው ፈርሞበታል፤ ሰኞ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይገባል። እኔም ፈርሜያለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ተናድጄ ነው።

«ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ» ያልከኝ ምንድን ነው? ስለ ትምህርት ቤቱ ደወል እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 14፣ በአስቸኳይ

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ። ማመልከቻው እንዳይገባ አድርጊ። መምህርቷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የሙሽሪትን ሠርግ አስታውሺ። ሁላችንም ወንዙን ተሻግረን አጅበናት ሄድን፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ ቤቱን ቆልፎ። እዚያው አደርን። በነጋታው ጠዋት ያቺ ደብተር የያዘች የወንዝ ማዶ ቆጣሪ መጥታ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ግራ ስትጋባ ትዝ ይልሻል? ሰዉ ቁርስ ላይ ይተራመሳል፤ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ አንዱን ሰውዬ ሦስቴ ቆጠረችው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የሙሽሪት አጎት፣ አዲስ ኮት የለበስኩት፣ ምን አደረግኩ? አጨብጭቤ ሁሉንም አስነሣሁና አሥር አሥር አድርጌ አሰለፍኳችሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ አላውቅም። ልጅቷ በሩብ ሰዓት ጨርሳ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

ሰው የሚቆጠረው ባደረበት ነው፣ እትዬ። የቆጠራው ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። እናንተ ቤታችሁም የምትቆጠሩ መስሏችሁ ሳለ እኔ ወንዝ ማዶ አስቆጠርኳችሁ። መምህርቷ ሰፈራችሁ ስትደርስ ቤታችሁ ሁሉ ተዘግቷል፤ «ያደረ ሰው የለም» ብላ ጻፈች፣ በትክክል።

የገባኝ ቁጥሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደብቄው ኖርኩ። መጀመሪያ የፈረምኩት ወረቀት አፌን ዘጋው፣ ኋላ ግን እፍረት ነው። ዛሬ ለአለቃዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ፊቱን በወረቀት ሸፈነ፤ የሚስቅ መሰለኝ። የናንተን ካርታ ከእጄ ወስዶ ለሌላ ባልደረባዬ ሰጠ። ተገቢ ነው።

መምህርቷን ስለኔ ይቅርታ ጠይቂልኝ። አንቺንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

አንተ የሰልፍ አዛዥ፣

ደብዳቤህን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩት፣ ወለሉ ላይ ጨረስኩት። ሳቅ ጣለኝ! ደንበኛዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ፤ ስነግራት እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አሥር አሥር»! እኔ እኮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እጄን ይዘህ «እዚህ ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ» ብለኸኛል!

ግን አንተ ብቻህን አይደለህም፣ ወንድምዓለም፣ እንዳትሸከመው። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አውቶቡሱ በምልልስ ሊመልሰን ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ልጄን ጥዬ መሄድ አቃተኝ። የሹፌሩን ቁልፍ ነጥቄ ጡቴ ሥር ከተትኩትና «ዛሬ ማንም ቤቱ አይሄድም!» አልኩ። ሹፌሩ ምስኪን ቁልፉን ማን ይጠይቃል? አንድ ሌሊት ብቻ ከልጄ ልሰንብት ብዬ ነው። እንግዲህ አሳዳሪዋ እኔ፣ አሰላፊው አንተ። ከአንድ ቤት ነው የወጣነው።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን ከጸሐፊው እጅ ነጥቄ አስቀረሁት። ከዚያ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በመጨረሻ «ሦስት መቶ ሰው ነው የፈረመው አይደል? እያንዳንዱ መጥቶ የገዛ ፊርማውን በገዛ እጁ ይሰርዝ» አለች። ረቡዕ ከሰዓት በሯ ላይ ጠረጴዛ አውጥታ ተቀመጠች። የአንደኛ ክፍል መምህርት አይደለች? ተራ የሾለከውን ወደ ኋላ ትመልሳለች። የመድኃኒት ቤቷን ባለቤት ሁለት ጊዜ መልሳታለች። ስንጨርስ ግን ወንበሯን አጥፋ «በሉ አሁን ተቃውሟችንን እንጻፍ» ብላ እሷው ጸሐፊ ሆነች።

ከተማው ሙሉ ታሪኩን ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ «ይምጣ ብቻ፣ አናቱን መሃል ለመሃል መስመር አወጣለታለሁ» ብሏል። እየሳቀ ነው ታዲያ። ማንም አልጠላህም።

የላክህልኝን መመሪያ ሞከርኩት። ያ ፊደል ነው ጉንዳን? ለልጄ ላክሁላት፣ የሷ ዓይን ደህና ነው። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

አሁን ንገረኝ፣ ስብሰባው ላይ ምን ብንል ይሻላል?

እህትህ


ጥር 3

እትዬ፣

አልነግርሽም።

አለቃዬ ካርታውን ከእጄ ሲወስድ ምክርም እንዳልሰጥ ቃል አስገብቶኛል፤ በዚህ ላይ አንዴ አበላሽቻለሁ። ስንተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ብትጠይቂኝም አልነግርሽም። ሁሉንም ገጽ አንብቡ። ስብሰባው ላይ መገኘትም አልችልም።

ቁልፉን ግን እኔ አላውቅም ነበር! ሹፌሩ መነጠቁን መናገር አፍሮ ጠፋብኝ እያለ መንገድ ላይ ሲፈልግ በባትሪ መብራት አብሬው ሳፋልግ አምሽቻለሁ እኮ።

በርቱ። ሆዴ ከናንተ ጋር ነው።

ወንድምሽ


ጥር 18

ወንድምዓለም፣

ቁጭ በል። ቁጭ ብለሃል? ማንም እንዳያቋርጥህ በሩንም ዝጋ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከኮሚሽኑ ሦስት ሰዎች መጡ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት፤ ሳቅ የሚባል ነገር አታውቅም ብዬ ነበር። መምህርቷ ተቃውሟችንን አነበበች፤ ወንዝ ማዶ የተቆጠሩት መቶ ሰማንያ ሰባት ሰዎች የኛ ሰዎች ናቸው፣ ለሠርግ ሄደው ነው ብላ። ሰብሳቢዋ «ቅጹ ላይ እንግዳ የተባሉ ሰዎች አሉ። የናንተ ለመሆናቸው ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» አለች።

የልክ ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። ለዚያ ሠርግ ሦስት ወር ሙሉ የሰፋሁት እኔ አይደለሁ? የመቶ ሃያ አንድ ሰው ስም፣ ሰፈር፣ ልክ፣ ልብሱን የወሰደበት ቀን፣ ሁሉም አለ። ስም ስምና ሰፈር ሰፈሩን ላነብ ስል ሰብሳቢዋ «ማስረጃ ተቆንጥሮ አይነበብም፣ እንዳለ አንብቢው» አለችኝ። የሴቱን ሁሉ ወገብ በአደባባይ ላነብ ነው! ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ምስጢር ነው እኮ፤ እኔም ባልፈርምበትም እንዳንተው አፍ የሚዘጋ ወረቀት አለኝ። «ይቅርብኝ፣ አላነብም» አልኩ።

ያኔ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ከፊት ወንበር ብድግ አለች። ታውቃታለህ፣ ልኳን ስወስድ እንኳ በር አስዘግታ ነው። «አንብቢ!» አለች። «ወገቤ መቶ አራት ነው! ይኸው ነገርኳችሁ! ሆስፒታሉ ይበልጥብኛል!»

ከዚያማ ማን ያስቁመን። አንዷ ከኋላ «ዘጠና ስምንት!» አለች። ሌላዋ «መቶ አሥር፣ ግን ያኔ እርጉዝ ነበርኩ!» ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ «እኔም መቶ አሥር፣ እርጉዝ ግን አልነበርኩም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኮሚሽኑ ጸሐፊ እንባውን እየጠረገ ይጽፋል። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አድርጋ አወለቀች፣ አድርጋ አወለቀች። በዓይኔ አየኋት፣ ስቃለች።

ከዚያ ግን ዝም አሰኘችን። «አመንናችሁ» አለች። «ሰዎቹ የናንተ ናቸው። የቆጠራ ቁጥር ግን አንዴ ከጸደቀ እኛ አንነካውም። የተቆጠረ ሰው ከተቆጠረበት አይነሣም። አዝናለሁ።»

ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። ደብተሬን አጥፌ ልቀመጥ ስል ከበሩ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

የልጄ አማት ነው። ጀልባ ጠጋኙ! እጁ ላይ ሬንጅ እንዳለ። ልጄ አጠገቡ ቆማለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። መምጣታቸውን እንኳ አላወቅኩም።

«ሰዎቹ ያደሩት እኛ ሰፈር ነው» አለ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሰምቼው አላውቅም። «እነሱን ማንሣት ካልተቻለ ሰፈራችንን ከነሱ ጋር ውሰዱት።»

እንደዚያ ብሎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ሃያ ሁለት ቤት፣ ሃያ ሁለት ፊርማ፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደኛ የምርጫ ክልል ልንገባ እንፈልጋለን ብሎ ፈርሟል። ለካ መመሪያው ወንዝ ወሰን ሆኖ ይቆጠራል ካለ በኋላ «ነዋሪዎቹ ራሳቸው በጽሑፍ ካልጠየቁ በስተቀር» ይላል! ያገኘችው ልጄ ናት። አንብባ ማታ ለአማቷ ነገረችው፤ እሱም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ተነሥቶ በሃያ ሁለት ቀን ሃያ ሁለት ቤት አንኳኳ። ቤተሰቡ እንኳ የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር።

ሰብሳቢዋ ለምን እንደፈለጉ ጠየቀችው። «የምንገበየው እዚህ፣ የምንታከመው እዚህ» አለ። «ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ የሰፈራችን ፊት ወደዚህ ነው። ደግሞ…» ብሎ ቆመ። «ደግሞ ልጅቷ እናቷ ትናፍቃታለች። አትናገርም እንጂ።»

እኔ ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየሁም፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። መምህርቷ ናት የነገረችኝ። ሰብሳቢዋ እዚያው ሰሌዳው ላይ ደመረችው። የሰፈሩ ዘጠና ስድስት ነዋሪዎች ብቻቸውን አይበቁንም፣ አሥራ ስድስት ሰው ይጎድለናል። በዚያች ሌሊት ያደሩት እንግዶች አብረው ሲደመሩ ግን እናልፋለን። «ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል» ብላ የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ አራገፈች።

ለካ ሁለት ሳህን የማወጣው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ነግረሃት ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ካልነገርካትም ተመስገን ነው።

እንግዲህ ጠብቅ ብያለሁ። አንተ ደግሞ ወሬ ካለህ አትንገረኝ፣ ፈርመሃል።

እህትህ


መጋቢት 9

ወንድምዓለም፣ ወንድምዓለም፣ ወንድምዓለም፣

ጸድቋል! አዲሱ ካርታ ተለጠፈ! ወንበራችን ወንበራችን ነው!

መስመሩ ወርዶ ወርዶ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ድልድዩን ተሻግሮ ይሄድና ሃያ ሁለቱን ቤት ዙሪያውን አቅፎ ይመለሳል። እንደ ኪስ ነው፤ እኔ ብሰፋው ከዚህ አላሳምረውም። የሳለውን ባልደረባህን እጁን ይባርከው በልልኝ።

ሰዉ መንገድ ላይ ተቃቀፈ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ከተማውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ሹፌሩ ቁልፉን በእጁ ይዞ አሳየኝ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አውጥቶ መንገዱ መሃል፣ ያ የድሮው መስመር የነበረበት ቦታ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲላጭ ዋለ። ተመራጫችንም ደውሎ ስለ ሆስፒታሉ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚነሣ ነግሮናል። ምክር ቤቱም ይጨነቅ እንግዲህ!

ልጄ ከአማቷ ጋር መጣች። ከእንግዲህ ድምፅ የምንሰጠው ለአንድ ወንበር ነው፣ እሷና እኔ። አማቷን ምሳ ጋበዝኩት። ሲጨርስ ጨምሬ አወጣሁለትና «ብላ» አልኩት። ሳቀ! ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ዛሬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባንም። የውሳኔው ወረቀት ላይ «በዚያች ሌሊት ያደሩ እንግዶች 188» ይላል። የኛ ሰዎች መቶ ሰማንያ ሰባት ናቸው። መምህርቷ ሦስት ጊዜ ቆጠረች፣ እኔም ቆጠርኩ፣ በየቤቱ ጠየቅን። አንድ ሰው ተርፎናል። ልጅቷ ተሳስታ ይሆን? ወይስ ያን ሰውዬ ደግማ ቆጥራው ነው? መምህርቷ ትክክለኛ ቁጥር ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እባክህ አጣራልን።

እህትህ


መጋቢት 16

እትዬ፣

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ደግማ የቆጠረችውም የለም።

ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ እኔም ግራ ገባኝ። ወደ መዝገብ ክፍል ወርጄ የዚያን ሰፈር ቅጽ ለማየት አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ጉዳዩ አልቋልና ፈቀደልኝ። ገጽ በገጽ ሄድኩ። መቶ ሰማንያ ሰባቱንም ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ አንቺ ሠላሳኛዋ ነሽ። ወደ መጨረሻው መስመር ወረድኩ። እዚያ ላይ የራሴን ስም አገኘሁት።

እናንተን አሰልፌ ስጨርስ ልጅቷ ቀና ብላ «ጋሼ፣ እርስዎስ የት ነው ያደሩት?» አለችኝ። «እዚሁ ነዋ!» አልኳት። በደስታዬ መሃል ምን ብዬ እንደመለስኩ እንኳ ልብ አላልኩም። እሷ ግን ጻፈችው።

ከዚያ የዚህን ከተማ ቅጽ አወጣሁ። የተከራየሁት ክፍል «ተዘግቷል፣ ያደረ ሰው የለም» ይላል። እትዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ውስጥ እኔ የለሁም! የሌላውን ሁሉ ሰው ቦታ ስፈልግ ስኖር የራሴን አንድም ቀን አላየሁትም። እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ እኔ የምቆጠረው ከናንተ ጋር ነው። ወንዙን የተሻገረው መስመር እኔንም አቅፎ ገብቷል።

መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ለማንም አትንገሪ፣ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደብኝ። አለቃዬ ሊጠራኝ ወርዶ ሲያየኝ የሦስት ቀን ፈቃድ ጻፈልኝ።

ለመምህርቷ ቁጥሯ ትክክል መሆኑን ንገሪልኝ፣ ትተኛ። ሰዉ ደግሞ «ወንድምሽ የት ነው ያለው?» ብሎ ከጠየቀሽ፣ እዚሁ ነው በያቸው፤ በመንግሥት ወረቀት ተጽፏል። ቅዳሜ ከረፋዱ አውቶቡስ ላይ ስወርድ ራሳቸው ያዩኛል።

መቶ ሰማንያ ስምንተኛው